147573952589676412927ን በአንድ ትንሽ ቦርድ ወደ አካፋዮቹ መፍታት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1

የሥራው ዓላማ 147573952589676412927 የተባለውን ባለ 21 አሃዝ ቁጥር፣ 2 ኪሎባይት ራም ብቻ ባለው፣ አርዱዊኖ ኡኖ በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ መመርመር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ ሲሆን፣ በአጭሩ 2^67 − 1 ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ «መ67» እለዋለሁ። ቦርዱ በቅድሚያ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው (ፕራይም)፣ አለመሆኑን አካፋይ ሳይፈልግ እንዲያረጋግጥ፣ ቀጥሎም አካፋዮቹን ራሱ ፈልጎ በስክሪን ላይ እንዲያወጣ እፈልጋለሁ። በላፕቶፕ ላይ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ሁሉ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ነገር ግን በፓይተን የሠራሁት ጊዜ መልሱን አገኘሁ እንጂ ቁጥሩን አላወቅሁትም። በትንሹ ቦርድ ላይ እያንዳንዱን ባይት በእጄ ማንቀሳቀስ ስላለብኝ እርሱን መረጥሁ።

ይህን ቁጥር የመረጥሁበት ምክንያት ታሪኩ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ257 ባልበለጡት አርቢዎች (ቀ) መካከል 2^ቀ − 1 ብቸኛ ቁጥር የሚሆነው ቀ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ሲሆን ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ከዝርዝሩ ውስጥ 67 እና 257 ስሕተት ነበሩ፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለዋል። ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 መ67 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳየ፤ አካፋዩን ግን አላገኘም። አካፋዮቹ የታወቁት አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በጥቅምት 31 ቀን 1903 በኒው ዮርክ፣ በአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሲያቀርባቸው ነው። ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር በሰሌዳው ላይ 2^67 − 1ን እንዳሰላ፣ በሌላው ወገን ሁለት ቁጥሮችን በእጁ እንዳባዛ፣ ውጤቶቹም አንድ ሆነው ሲገኙ ተመልሶ እንደተቀመጠ ይተረካል። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሏል ይባላል። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ግን በምንም መልክ አላስገባውም።

የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ ቦርዱ 1,450 ብር፣ ባለ 16 ዓምድና ባለ 2 መስመር ስክሪን 650 ብር፣ ብሬድቦርድ 300 ብር፣ ገመዶች 180 ብር፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር 50 ብር፣ ባለ ካሬ ደብተር 90 ብር፤ በጠቅላላው 2,720 ብር ወጣ። መበየጃና ቴስተር ቀድሞ ነበረኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ባከነ። የስክሪኑ መብራት በርቶ ፊደል አላወጣም፤ ስሕተቱ ከኮዱ ነው ብዬ ኮዱን ሦስት ጊዜ ጻፍሁት። በማግሥቱ በቴስተር ስለካው የስክሪኑ 3ኛ እግር፣ የፊደሉን ድምቀት የሚወስነው፣ ከፖቴንሽዮሜትሩ መካከለኛ እግር ጋር አልተገናኘም ነበር፤ የበየድሁበት ቦታ ቀዝቃዛ ብየዳ ሆኖ ኖሯል። ደግሜ ስበይደው ወዲያውኑ ሠራ።

ሳምንት 2

ቁጥሩን በማስታወሻ ውስጥ ማስቀመጥ ከጠበቅሁት በላይ አሠራኝ። የቦርዱ ትልቁ ሙሉ ቁጥር 64 ቢት ሲሆን ጣሪያው 18446744073709551615 ነው፤ መ67 ደግሞ 67 ቢት ስለሚፈልግ ሦስት ቢት ይተርፈዋል። በነጥብ ቁጥር ላስቀምጠው ሞከርሁ። በዚህ ቦርድ ላይ «ደብል» የሚባለው ዓይነት እንኳ 4 ባይት ብቻ ነው፤ ትክክለኛነቱም ከ24 ቢት አያልፍም። ስለዚህ የመጨረሻዋን 1 መቀነስ ጨርሶ አላያትም፤ ለእርሱ 2^67 እና 2^67 − 1 አንድ ናቸው። ስለ ቁጥሩ ማወቅ የምፈልገው ነገር ሁሉ በዚያች 1 ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን መንገድ ወዲያውኑ ተውሁት።

መፍትሔው የ9 ባይት ዝርዝር ነው። መ67 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 67 አንዶች ተከታትለው የሚቆሙበት፣ አንድም ዜሮ የሌለበት ቁጥር ነው፤ በባይት ሲከፈል ስምንቱ ባይቶች እያንዳንዳቸው 255 ሲሆኑ፣ ለዘጠነኛው የሚቀሩት ሦስት አንዶች 7 ይሆናሉ። ደብተሬ ላይ «255 255 255 255 255 255 255 255 7» ብዬ ስጽፈው ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ፤ በአሥርዮሽ ሥርዓት የለሽ የሚመስለው ነገር እንዲህ የተደረደረ ነው።

ወደ አሥርዮሽ ለመመለስ ዝርዝሩን ለ10 ደጋግሞ እያካፈሉ ቀሪውን መልቀም ይበቃል። በስክሪኑ ላይ 729214676985259375741 ወጣ። ቀሪዎቹ የሚመጡት ከመጨረሻው አሃዝ ጀምሮ ስለሆነ ቁጥሩ ተገልብጦ ነበር፤ አቃናሁት። 21 አሃዝ በ16 ዓምድ ስለማይገባ 1475739525896764 በላይኛው፣ 12927 በታችኛው መስመር እንዲወጣ አደረግሁ።

ሳምንት 3

ብቸኛነቱን ለመፈተሽ መጀመሪያ የመረጥሁት ቀላሉን፣ የፈርማን ፈተና ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ እርሱ የማያካፍለውን ማንኛውንም መሠረት ከራሱ በ1 ባነሰ ቁጥር ያህል ጊዜ አባዝተን ለቁጥሩ ስናካፍል ቀሪው የግድ 1 ይሆናል፤ ቀሪው ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ውሁድ፣ ማለትም ብቸኛ ያልሆነ፣ ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ በምሳሌነት የሚጠቀሙት 2ን ስለሆነ እኔም መሠረቱን 2 አደረግሁ። ኮዱን በ15፣ በ21 እና በ35 ሞከርሁት፤ ሦስቱንም ውሁድ አላቸው። ከዚያ መ67ን ሰጠሁት፤ ቀሪው 1 ሆነ።

ይህ ስሕተት መሆን አለበት ብዬ ሁለት ምሽት የማባዣውን ኮድ መረመርሁ። ምንም አላገኘሁበትም። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በሠፈራችን የሚኖሩትን መምህሬን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ውሁድ እንደሆነ ይታወቃል፤ የእኔ ፈተና ግን አሳለፈው» አልኋቸው።

ደብተሩን ጥቂት ተመልክተው፣ «አንተ ልጅ፣ ቁጥሩ የተሠራው ከ2 አይደለም እንዴ? ታዲያ ስለ እርሱ 2ን ትጠይቃለህ? ዘመድ ለዘመድ ምስክር አይሆንም። 3ን ጠይቅ» አሉኝ።

ነገሩ እንዳሉት ነው። 2^67 ለመ67 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ 2ን እጥፍ እያደረጉ መሄድ በየ67 እርምጃው ወደ 1 ይመልሳል። መ67 − 1 ደግሞ 2^67 − 2 ነው፤ 67 ብቸኛ በመሆኑ ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። እርምጃዎቹ በ67 የሚካፈሉ ስለሆኑ መጨረሻው ምንጊዜም 1 ላይ ያርፋል፤ ቁጥሩ ብቸኛም ሆነ ውሁድ ፈተናው በ2 ከተደረገ ማለፉ አይቀርም። አርቢው ብቸኛ የሆነ የመርሴን ቁጥር፣ ማለትም 2^ቀ − 1 የሚል መልክ ያለው ቁጥር፣ ሁሉ እንዲሁ ነው። ኮዱን ስሞክር ከ15 እና ከ21 ይልቅ 2047ን፣ ማለትም 2^11 − 1ን፣ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ወዲያው በነቃሁ ነበር፤ 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ሆኖ ሳለ በ2 ሲፈተን 1 ያወጣል። መሠረቱን ወደ 3 ስቀይር ቀሪው 1 ሳይሆን ቀረ፤ መ67 ውሁድ ነው።

ሳምንት 4

የፈርማ ፈተና ያለፈን ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ማጽናት ስለማይችል፣ ለመርሴን ቁጥሮች የተለየውንና ቁርጥ መልስ የሚሰጠውን የሉካስ–ሌመር ፈተና ጨመርሁ። አሠራሩ አጭር ነው። ከ4 ይጀመራል፤ በየእርምጃው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነስለታል፤ ውጤቱ ለመርሴኑ ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ይወሰዳል። አርቢው ቀ ከሆነ ከ(ቀ − 2) እርምጃ በኋላ ዜሮ የወጣ እንደሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ሌላ የወጣ እንደሆነ ውሁድ ነው። ለ2^7 − 1 = 127 በእጅ ሲሠራ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0 ይሆናል፤ አምስት እርምጃ ነው።

ማካፈሉ ደግሞ ለመርሴን ቁጥር ማካፈል አያስፈልገውም። 2^67 ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ከ67ኛው ቢት በላይ ያለውን የቁጥሩን ክፍል ቆርጦ ከታችኛው ጋር መደመር ብቻ ይበቃል። ለትንሽ ቦርድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ 9 ባይት በ9 ባይት ሲባዛ 18 ባይት ይወጣል፤ እርሱን አንድ ጊዜ አጥፎ መደመር፣ ከተረፈም አንድ ጊዜ መድገም ነው።

ስሕተቱ የገባው በማባዣው ነው። ኮዱ 127ን ብቸኛ፣ 2047ን ውሁድ አለ፤ ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ደስ ብሎኝ ወደ መ67 ልሄድ ነበር። እንደ ልማዴ አንድ ተጨማሪ ልሞክር ብዬ 2^13 − 1 = 8191ን ሰጠሁት፤ ብቸኛ የሆነውን ቁጥር ውሁድ ነው አለኝ። የየእርምጃውን ውጤት ወደ ላፕቶፑ አስወጥቼ በእጅ ካሰላሁት ጋር አስተያየሁ። ትክክለኛው 4፣ 14፣ 194፣ 4870፣ 3953፣ 5970፣ 1857፣ 36፣ 1294፣ 3470፣ 128፣ 0 ነው፤ ቦርዱ እስከ 194 ድረስ ከእኔ ጋር ሄዶ ከዚያ ተለየ። 194 በ194 ሲባዛ 37636 ነው፤ «ኢንት» የተባለው ዓይነት በዚህ ቦርድ ላይ 16 ቢት ሲሆን፣ አሉታዊ ቁጥርንም ስለሚይዝ ጣሪያው 32767 ነው። ብዜቱ ሞልቶ ወደ አሉታዊ ተገልብጦ፣ ወደ ቀጣዩ ባይት የሚሻገረውን እጅ አበላሽቶታል። በ127 ላይ ትልቁ ብዜት 111 በ111 ስለነበር ጣሪያው ጋ አልደረሰም። በ2047 ላይ ግን ያው 194 ስላለ ስሕተቱ ነበረ፤ የመጨረሻው ቀሪ 1736 መሆን ሲገባው ሌላ ቁጥር ወጥቷል፤ እኔ ያየሁት ዜሮ መሆን አለመሆኑን ብቻ ስለሆነ ሳልነቃበት አለፈ። ከዚህ በኋላ ፈተና ስሞክር የመጨረሻውን ፍርድ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ራሱን እያመሳከርሁ ነው።

ዓይነቱን አሉታዊ ወደማይቀበለው 16 ቢት ቀየርሁት። እዚህ ላይ የተመቸ ነገር አለ፤ በባይት ማባዛት ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ብዜት 255 በ255፣ ማለትም 65025 ነው፤ ቀድሞ የነበረው 255 እና የተሻገረው 255 ሲደመሩበት 65535 ይሆናል። ይህ የ16 ቢት ጣሪያ ራሱ ነው፤ አንዲት እንኳ አትተርፍም፣ አንዲትም አትጎድልም። 8191 ዜሮ አወጣ፤ መ67 ከ65 እርምጃ በኋላ ዜሮ ያልሆነ ቀሪ አወጣ። ሉካስ በ1876 የደረሰበት ቦታ ላይ ቦርዱም ደረሰ፤ ውሁድነቱ ታውቋል፣ አካፋዩ ግን የለም።

ሳምንት 5

አሁን ፍለጋው ነው። የመ67 ዳግም ዘር 12 ቢሊዮን ከ148 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከ500 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ለዚህ ቦርድ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ማካፈል ከባድ ስለሆነ ማካፈሉን ጨርሶ ተውሁት። በምትኩ ለእያንዳንዱ እጩ አካፋይ ከ1 ጀምሬ 67 ጊዜ እጥፍ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ እጩውን ካከለ ወይም ከበለጠ እጩውን እቀንሳለሁ። መጨረሻው 1 ከሆነ እጩው አካፋይ ነው።

በትንሹ በ2047 ላይ 23ን እንየው። ከ1 ተነሥቶ 2፣ 4፣ 8፣ 16፤ ቀጥሎ 32 ላይ 23 ሲቀነስ 9፤ ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ በመጨረሻም 24 ላይ 23 ሲቀነስ 1። አሥራ አንድ እጥፍ፣ ተመልሶ 1። ሳምንት 3 ላይ ያሳሳተኝ ያው የ2 ዙር እዚህ መሣሪያ ሆነልኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁሉንም ኢተጋማሽ ቁጥሮች በየተራ መሞከር ነበር፤ እየሠራ መሆኑን ለማየትም እያንዳንዱ እጩ በስክሪኑ ላይ እንዲታይ አደረግሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለከተው 2 ሚሊዮን ከ300 ሺህ አካባቢ ደርሷል፤ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ሁሉም ጠፋ። ጊዜውን በክፍል በክፍል ስለካው፣ 67ቱ እጥፎች በጠቅላላ ወደ 0.1 ሚሊ ሰከንድ ሲወስዱ ቁጥሩን በስክሪኑ ላይ መጻፍ 3 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ቦርዱ ከሚያሰላበት ይልቅ የሚጽፍበት ጊዜ ሠላሳ እጥፍ ነበር። ስክሪኑ በየ10,000 እጩ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታደስ አደረግሁ፤ በዚያው አጋጣሚ የደረሰበትን ቁጥር መብራት ቢሄድም በማይጠፋው የቦርዱ ማስታወሻ ላይ እንዲያስቀምጥ ጨመርሁ።

ሳምንት 6

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያዋጣው እጩዎችን መቀነስ ነው፤ ይህን ደግሞ የቁጥሩ ጠባይ ራሱ ይፈቅዳል። ቀ የተባለ ብቸኛ ቁጥር መ67ን ያካፍላል እንበል። 2ን እጥፍ እያደረግን ቀን ስንቀንስ ከ67 እርምጃ በኋላ 1 ላይ እንመለሳለን፤ 67 ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ባነሰ እርምጃ መመለስ አይቻልም። በሌላ በኩል በፈርማ ሕግ ከ(ቀ − 1) እርምጃ በኋላም የግድ 1 ላይ ነን። ስለዚህ 67 ቀ − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል፤ ቀ ኢተጋማሽ በመሆኑ ቀ − 1 ተጋማሽ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ቀ የግድ፣ ሀ ሙሉ ቁጥር ሆኖ፣ 134×ሀ + 1 የሚል መልክ አለው። ከእያንዳንዱ 134 ተከታታይ ቁጥር አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛ ወንፊት አለ። 2^68 ለቀ ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ 2^68 ግን የ2^34 ስኩዌር ነው። ስለዚህ 2 ለቀ የስኩዌር ቀሪ ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ቀ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ሀ ሲተረጎም፣ ሀ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ወይም 1 መሆን አለበት። እጩዎቹ በግማሽ ወረዱ።

በ134×ሀ + 1 ብቻ ያስኬድሁት ፕሮግራም ከ2 ደቂቃ ተኩል በኋላ ቆመ። በስክሪኑ ላይ 193707721 ተጽፎ ነበር፤ ሀ = 1445580። ምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ነበር፤ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ተመላለስሁ። አንድ ሰው ለሦስት ዓመት እሑዱን የሰጠበትን ቁጥር ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር ሲያወጣው ማየት፣ መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ቀላል ስሜት አይደለም። ሁለተኛውን ወንፊት ስጨምር ጊዜው ወደ 76 ሰከንድ ወረደ።

ቀጥሎ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ11 የሚካፈሉትን እጩዎች አስቀድሜ ለመጣል ሞከርሁ። ከ722,790 እጩዎች ወደ 300 ሺህ ብቻ እንደሚቀሩ አስልቼ ስለነበር ጊዜው ከግማሽ በታች ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጭራሽ ወደ 105 ሰከንድ ወጣ። ይህ ቦርድ ማካፈያ ሃርድዌር የለውም፤ ባለ 32 ቢት ቁጥርን ለ3 ማካፈል እንኳ በረጅም ሉፕ የሚሠራ ስለሆነ፣ ወንፊቱ ራሱ ከሚያድነው ጊዜ የበለጠ በላ። ማካፈሉን ለማስወገድ ስሌቱን ወደ ሀ አዛወርሁት። 134×ሀ + 1 በ3 የሚካፈለው ሀ ለ3 ሲካፈል ቀሪው 1 ሲሆን ነው፤ በ5 የሚካፈለው ቀሪው 1 ሲሆን፤ በ7 ቀሪው 6 ሲሆን፤ በ11 ቀሪው 5 ሲሆን። አራት ትንንሽ ቆጣሪዎች ከሀ ጋር አብረው እየጨመሩ ወደ ዜሮ እየተመለሱ ከሄዱ ማካፈል የሚባል ነገር አያስፈልግም። በዚህ መንገድ 38 ሰከንድ ሆነ፤ እዚያ ላይ ተውሁት።

ሳምንት 7

መ67ን ለ193707721 ማካፈሉ 761838257287 ሰጠ፤ ቀሪ የለም። 9 አሃዝ፣ የማባዣ ምልክትና 12 አሃዝ በሁለቱ መስመሮች ላይ በደንብ ይገባሉ።

እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው ብቸኛ ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ አዲስ ኮድ ይጠይቃል ብዬ ነበር፤ ሳስበው ግን ሥራው ቀድሞ ተጠናቅቋል። 761838257287ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ መ67ንም ያካፍላል፤ ስለዚህ 134×ሀ + 1 የሚለው መልክ አለው። ፍለጋዬ ደግሞ ከ193707721 በታች ያሉትን እንዲህ ያሉ እጩዎች በሙሉ አልፎ አንድም አላገኘም። የ761838257287 ዳግም ዘር ከ872,834 በታች ስለሆነ፣ ውሁድ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የማይበልጥ አካፋይ በፍለጋው ላይ በተያዘ ነበር። 193707721ም የተገኘው የመጀመሪያው አካፋይ በመሆኑ ብቸኛ ነው። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው፤ ተጨማሪ አንዲት መስመር ኮድ አልጻፍሁም።

እሑድ ከሰዓት ማባዛቱን በእጄ ሠራሁት፤ ኮል በሰሌዳ የሠራውን በባለ ካሬው ደብተር ላይ፣ በየካሬው አንድ አሃዝ እያሰፈርሁ። 761838257287ን በ193707721 ለማባዛት የሚያስፈልጉት ብዜቶች ጥቂት ናቸው፤ በ2 ሲባዛ 1523676514574፣ በ3 ሲባዛ 2285514771861፣ በ7 ሲባዛ 5332867801009፣ በ9 ሲባዛ 6856544315583። የ7ቱ መስመር ሦስት ጊዜ ስለሚመለስ አንዴ አስልቶ መገልበጥ ነው። በመካከል አንድ ዜሮ አለ፤ ለእርሱ መስመር ባልጽፍም ቀጣዩን አንድ ካሬ ጨምሬ ማሸጋገር ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ድምሩ 21 ሳይሆን 20 አሃዝ ሆኖ ሲወጣ ነው ያወቅሁት። ገጹን በሙሉ እንደገና ጻፍሁ።

በሁለተኛው ዙር 21 አሃዝ ወጣ። በ9 ፈተና አረጋገጥሁ፤ የ193707721 አሃዞች ድምር 37፣ የ761838257287 ደግሞ 64 ነው፤ ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ስለሆነ የብዜቱም ቀሪ 1 መሆን አለበት። የእኔ ውጤት አሃዞች ድምር 109፣ ቀሪው 1። በእርሳስ የጻፍሁትን በእስክሪብቶ ገልብጬ ከስክሪኑ ጋር ሳስተያየው ግን አንድ አይደሉም። የ9 ፈተና የአሃዞችን መቀያየር አያይም፤ በ11 ስፈትነው ከ193707721 ቀሪ 9፣ ከ761838257287 ቀሪ 8፣ ብዜታቸው 72 ስለሆነ የሚጠበቀው ቀሪ 6 ነው፤ የገለበጥሁት 2 ሰጠ። ስገለብጥ «6412927» የሚለውን መጨረሻ «4612927» አድርጌዋለሁ። አስተካክዬ ስጨርስ ከተቀመጥሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖኛል፤ ይህም ለማባዛቱ ብቻ ነው።

ሳምንት 8

ሥራው አልቆ ነበር፤ ነገር ግን ጆን ፖላርድ በ1974 ያሳተመውን «ቀ − 1» የተባለ ዘዴ መሞከር ፈለግሁ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ቀ − 1 ከትንንሽ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ የተባዛ ከሆነ፣ አንድን መሠረት በተወሰነ ገደብ ውስጥ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አርቢነት አከታትሎ ማሳደግ፣ ለቀ ሲካፈል 1 ወደሚቀርበት ቁጥር ያደርሳል። ከዚያ 1 ቀንሶ ከመ67 ጋር ትልቁን የጋራ አካፋይ መፈለግ ነው።

መሠረቱን 2 አደረግሁ፤ በሞከርሁት ገደብ ሁሉ የጋራ አካፋዩ መ67 ራሱ ሆኖ ወጣ። በዚህ ጊዜ ሁለት ምሽት አልፈጀብኝም፤ ገደቡ 67ን ሲያልፍ 2 ለሁለቱም አካፋዮች በአንድ ጊዜ 1 ላይ ይመለሳል። ጋሼ ያሉትን በትልቁ ጽፌ ከጠረጴዛው በላይ ለጠፍሁት።

መሠረቱን 3፣ ገደቡን 10,000 አድርጌ ደገምሁ፤ አሁንም መ67 ራሱ። ይህኛው ምክንያቱ ሌላ ነው። ሁለቱን አካፋዮች 1 ቀንሼ በእጄ ስፈታቸው 193707720 = 2^3 × 3^3 × 5 × 67 × 2677፣ 761838257286 = 2 × 3^2 × 29 × 67 × 2551 × 8539 ሆኑ። ገደቡ 10,000 ሲሆን 2677ንም 8539ንም ስለሚያካትት ሁለቱ አካፋዮች አብረው ይያዛሉ፤ ተለያይተው አይወጡም። ገደቡን 3,000 ሳደርገው በውስጡ 430 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ 193707721 በ2 ሰከንድ ገደማ ወጣ። ከ38 ሰከንዱ ፍለጋ ይልቅ ይህ ፈጠነ፤ ይህ የሆነው ግን 193707720 እንዲህ ለመፈታት የተመቸ ስለሆነ ነው።

ድንበሩ በትክክል የት እንደሆነ ለማየት ገደቡን እየለዋወጥሁ ሞከርሁ። በ2,676 ምንም አልወጣም፤ የጋራ አካፋዩ 1 ሆነ። በ2,677 አካፋዩ ወጣ። በ5,000 ወጣ። በ8,538 ወጣ። በ8,539 ስክሪኑ በላይኛው መስመር 1475739525896764፣ በታችኛው 12927 ጻፈ።